ሁለት ወንበር ያለው ቻይና ቤት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቻይና ምግብ ቤት አለ ብላችሁ ማን ያምናችኋል? ከመናኸሪያው ጀምራችሁ ብትጠይቁ የሚያሳያችሁ አታገኙም። ሽሮ ቤቱን፣ ሥጋ ቤቱን፣ ጁስ ቤቱን ይጠቁሟችኋል። ቻይና ቤት ካላችሁ ግን የመንገድ ሥራ ካምፕ የምትፈልጉ ይመስላቸዋል። እኔ አውቀዋለሁ። ያለው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው። የሚከፈተው በወር አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ማታ ብቻ ነው። ምግብ አብሳዩ ከግብርና መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ሲሆን፣ እስከ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ድረስ ሽንኩርት ልጦ አያውቅም ነበር። ባለቤቴ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ከመናገሬ በፊት ስለ ገበዝ ማርያም ትንሽ ላውራ፤ አለዚያ አይገባችሁም። ገበዝ ማርያም የቋሪት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከፍኖተ ሰላም ተነስታችሁ ሽቅብ ወደ ደጋው ስትወጡ ማሽላውና በርበሬው ከኋላ ይቀራል፤ ገብስና ድንች ይተካል፤ ጋቢውም ይወፍራል። እኔም ባለቤቴም የተወለድነው እዚያው ነው። በክረምት ጉሙ ከደጃፍ አልፎ ቤት ይገባል፤ ሰው ሁሉ ከምድጃ ዙሪያ አይነሳም። እናቴ አባቴን «እርስዎ» ትለው ነበር። ማዕድ ሲቀርብ መጀመሪያ አባቴ፣ እንግዳ ካለም ከእንግዳው ጋር ይበላል። ከዚያ ወንዶቹ ልጆች፣ ከዚያ እኛ ሴቶቹ። እናቴ ስትበላ አየሁ ለማለት ይቸግረኛል። መሶቡ ወደ ጓዳ ሲመለስ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ከትራፊው ትቆራርስ ነበር። ማንም በደል ብሎ አልጠራውም፤ እሷም አልጠራችውም።

እኔ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። በጥር 1974 ተጋባን። ባለቤቴን «አንተ» እለዋለሁ፤ ደመወዛችንም እኩል ነበር ማለት ይቻላል። ታዲያ ተለወጥን ብዬ አስብ ነበር። አምስት ልጆች ወለድን። እሱ በግብርናው ሥራ ቆላ ለቆላ ሲዞር ውሎ መሽቶ ይመጣል፤ ራቱ ተከድኖ ይቆየዋል። እኔ ልጆቹን አብልቼ፣ ደብተር አርሜ፣ የነገውን ሊጥ አቡክቼ፣ ከድስቱ ጥግ ቀምሼ እተኛለሁ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻው በ2010 ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቤቱ ለሁለታችን ቀረ። አሁንማ አብረን እንበላለን ትላላችሁ። እሱ ሳሎን ዜና እያየ ይበላል፤ እኔ ማጀት ቆሜ። «ነይ እንጂ» ይላል፤ «ቀምሼ ቀምሼ ጠግቤያለሁ» እለዋለሁ። ጠብ የለም፣ ኩርፊያ የለም። እንዲያውም የተጣሉ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ከሚጠሩት ሽማግሌዎች መካከል እኛ ነበርንበት።

በጥር 2012 የልጅ ልጃችን ክርስትና ደረሰና ወደ አዲስ አበባ ተጓዝን። ማሩን፣ ቅቤውን፣ ድርቆሹን አሸክመን ከንጋቱ አውቶብስ ገባን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጅጋ፣ ደምበጫ፣ አማኑኤል፣ ደብረ ማርቆስ፣ ሉማሜ፣ ደጀን፤ ከዚያ ምድር የተሰነጠቀች ያህል ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ። ጃፓኖች የሠሩት ተሰቃይ ድልድይ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ሁሌም እንደሚያደርገው ባርኔጣውን አወለቀ። ለዓባይ ይሁን ለድልድዩ ጠይቄው አላውቅም። ይህ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ከመመረቁ በፊት ከጎኑ ባለው በአሮጌው ድልድይ ስንሻገር ሾፌሩም ተሳፋሪውም ያማትብ ነበር።

ክርስትናው በሰላም አለፈ። በማግስቱ ሁላችንም ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለናል፤ ማለቴ ሁሉም ቁጭ ብለዋል፤ እኔ ቆሜ እጨልፋለሁ። ልጄ ሕፃኗን እንደታቀፈች ድንገት አባቷን ጠየቀችው።

«አባዬ፣ እማዬ ከምግብ ሁሉ የምትወደው ምንድን ነው?»

ባለቤቴ ሳቀ። ከዚያ አሰበ። ከዚያ «እሷ ምን ትመርጣለች፣ የተገኘውን ትበላለች» አለ። ልጄ ምንም አልመለሰችም፤ አየችው ብቻ። እኔ ጭልፋውን ይዤ ቆሜያለሁ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ይህን ጥያቄ የጠየቀን ሰው አልነበረምና መልሱ ክፉ ይሁን ደግ ለመመዘን እንኳን ጊዜ ወሰደብኝ። ማታ ላይ ነው አንጀቴን የነካኝ። እሱ ስለ ወጥ ጨው የሚለውን አውቃለሁ፤ ሽሮው ሲወፍር እንደሚያኮርፍ፣ ቃሪያ ከሌለ እንጀራ እንደማይቆርስ፣ የዶሮውን የትኛውን ብልት እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። እሱ ስለ እኔ የሚያውቀው የተገኘውን እንደምበላ ነው።

ልጄ የእናቷን ፊት ማንበብ ታውቅበታለች። ረቡዕ ላይ «ዓርብ ማታ ሁለታችሁ ብቻ ውጭ ራት ትበላላችሁ፤ ቦታ ይዣለሁ፤ ዴት ነው» አለችን።

«ዴት ማለት ቀን አይደለም እንዴ?» አለ ባለቤቴ። እንግሊዝኛውን የተማረው ከሕንድ አስተማሪዎች ነው፤ ቀልድ አይወድበትም።

ስለ ሕንድ ካነሳሁ ልጨምር። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንዶች በብዛት ያስተምሩ እንደነበር እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ፤ አብዛኞቹም ከኬራላ የመጡ ነበሩ። ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ ሲማር ሒሳብ የሚያስተምራቸው ሰው ነበር። ዓርብ ዓርብ ከቤቱ የሚወጣው የቅመም ሽታ መንገዱን ይሞላው እንደነበር፣ መምህሩ ተማሪዎቹን ግቡና ቅመሱ ሲላቸው አንዳቸውም ደፍረው እንዳልገቡ ደጋግሞ ነግሮኛል። እስያ ለእሱ ያች በር ነበረች።

ልጄ የያዘችልን ቦታ ግን የቻይና ነው። አዲስ አበቤዎች ይህን አዲስ ነገር አይሉትም፤ ስታዲየም አካባቢ፣ ራስ ደስታ ዳምጠው መንገድ ላይ የነበረውን ቻይና ባርን የሚያስታውሱ አያቶች ብዙ ናቸው። ኋላ በቦሌ መንገድ የሕንዱም የኮሪያውም ተከተለ። እኛ የሄድንበትን ስሙን አልጠራውም፤ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። ቀይ ፋኖስ የተንጠለጠለበት፣ በሩ ላይ የዓሣ ገንዳ ያለበት ቤት ነው። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እሱ ለክርስትናው የለበሰውን ኮት ደግሞ ገባን። በዙሪያችን ወጣቶች፣ ቻይናዎች፣ አንድ ትልቅ ቤተሰብ አለ። የእኛን ዕድሜ የያዘ፣ ሁለት ብቻውን የተቀመጠ ግን ማንም አልነበረም።

መጀመሪያ የጨነቀኝ ምግቡ አይደለም፤ እጄን የት ላድርገው የሚለው ነው። ማጨልፈው የለም፤ ማነሳው የለም። ፊት ለፊቴ ባለቤቴ ተቀምጧል። ፊቱን እንዲህ በቅርብ፣ መብራት ሥር፣ ሌላ ሥራ ሳልሠራ ያየሁት መቼ ነበር? ግራ ቅንድቡ ላይ ነጭ ፀጉር ወጥቶበታል። እሱም ያየኛል። ሁለታችንም ወደ ሜኑው አጎነበስን።

አስተናጋጇ መጣች። አነጋገራችንን ሰማችና «ከጎጃም ናችሁ?» አለች፤ እሷ የደጀን ልጅ ናት። ተነፈስን። «እናቴ፣ ዓርብ ነው፤ እንዳታስፈስኪን» አልኳት። የአሳማውን ነገርም ፈርቼ ነበር፤ ጾም መሆኑ ገላገለኝ። እሷ መርጣ አመጣችልን፤ ነጭ ሩዝ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ቶሎ የተጠበሰ ጎመን፣ እንደ ፓስታ የተጠላለፈ ኑድል፣ በመሐል ደግሞ በቀይ መረቅ ውስጥ የሚዋኙ ነጫጭ ጡቦች።

ባለቤቴ ሳህኑን ገፋው። «ጾም ነን ብለን ነግረናት አይብ ታመጣለች!»

«አይብ አይደለም አባባ፤ ቶፉ ነው። ከአኩሪ አተር ነው የሚሠራው» አለች ልጅቷ።

እዚህ ላይ ባለቤቴን ብታዩት! ይህ ሰው በደርግ ጊዜ ከልማት ጣቢያ ወደ ልማት ጣቢያ እየተዘዋወረ ቆለኛውን ገበሬ «አኩሪ አተር ዝሩ» ሲል የኖረ ነው። ከመቶ አርባ ያህሉ የሰውነት ገንቢ ነው፤ ሥጋ ላጣ ሥጋ ነው፤ መሬቱንም ያዳብራል፤ እያለ። ገበሬው «ዘራነው፤ ምን እናድርገው?» ሲለው መልስ አልነበረውም። ከሽሮ ቀላቅሉት ሲላቸው ሽታውን ጠሉት፤ ቆሎ አድርጉት ሲላቸው ጥርስ ሰበረ። እኔም ቤት ሞክሬው የልጆቹን ሆድ ነፋሁባቸው። በመጨረሻ «የዶሮ ምግብ» ተብሎ ቀረ። ያ ነገር አሁን እንደ ሙሽራ ተሞሽሮ፣ በአዲስ አበባ ዋጋ፣ ከፊቱ ቀረበ። አንዱን ጡብ በማንኪያ አነሳ፤ አገላብጦ አየው፤ ጎረሰው። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ያኔ የማብሰሉን ዘዴ አብረው ሳይሰጡን ዘሩን ብቻ ሰጡን» አለ። እንዲህ ሲያዝን ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ቾፕስቲኳን ሞከርን። ለእኔ እምቢ አለችኝ። እሱ ግን ወፍ እንደሚያጠምድ ልጅ ተንበርክኮ ታገላትና አንድ ቁራሽ ጎመን ያዘ። ያዘና ወደ አፉ አልወሰደውም፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ እኔ ዘረጋው። በሰው ፊት! አስተናጋጇ እያየች! ጎረስኩ። ልጅቷ ስቃ «ቻይናዎቹም እንዲህ ናቸው፤ ለሚያከብሩት ሰው እያነሱ ሳህኑ ላይ ያስቀምጡለታል። ሁሉንም ምግብ መሐል አድርገው በጋራ ነው የሚበሉት» አለችን። ልክ እንደ መሶብ።

ከዚያ ነው የጠየቀኝ። «አንቺ ግን ምንድን ነው የምትወጂው?»

መልስ ያለኝ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ። ዶሮ ልል አልኩ፤ ዶሮ የምሠራው ለእንግዳ ነው፤ እጄ ቅመሙን ሲሸት ስለሚውል መብላቱ አያሰኘኝም። ክትፎ? የእሱ ነው። ጨጨብሳ? የልጆቹ። እያንዳንዱን ምግብ ሳነሳ የአንድ ሰው ስም ይከተለዋል፤ የእኔን ግን አጣሁት። እንባዬ መጣ። እሱ ደነገጠ። «ተይው፣ ተይው» አለ።

«ድንች» አልኩ ኋላ። «በፍም ውስጥ የተጠበሰ። እናቴ ማታ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ከአመዱ ሥር አውጥታ ትሰጠኝ የነበረው። እጅ የሚያቃጥለው። ጨው ብቻ።»

«እኔም እኮ ገበዝ ማርያም ነው ያደግኩት» አለ፤ «ድንች አይደለም እንዴ የበላነው ሁሉ? ምነው አልነገርሽኝም?»

«ምነው አልጠየቅኸኝም?»

አልተጣላንም። ሻይ ጠጣን፤ ከስኒው ውስጥ አበባ የሚታይበት ሻይ ነው። ስለ ልጆቹ ሳናነሳ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ሒሳቡን ልጄ አስቀድማ ከፍላለች። እሱ ግን ሲወጣ ሜኑውን በጨረፍታ አይቶ በኩንታል አኩሪ አተር ሊያሰላው ጀምሮ ነበር፤ ተወው አልኩት።

ወደ አገራችን ስንመለስ የየካቲት መባቻ ነበር። የውሃኑ በሽታ ወሬ ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ ቻይና ቤት ራት በላን ብዬ ለአንዷ ጎረቤቴ ባወራሁ በሦስተኛው ቀን ቡና ሲጠራ የሚመጣ ጠፋ። ምን ታደርጉታላችሁ! መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ተባለ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ፤ ሁሉም እኩል ቤቱ ተቀመጠ። እኔና ባለቤቴም ተፋጠጥን።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ማጀት ገብቶ «ትልቁ ድስት የቱ ነው?» አለኝ። ከቡሬ አኩሪ አተር አስመጥቶ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎት አድሯል፤ እኔ አላየሁም። ምን ልታደርግ ነው ስለው «ያላስተማርኳቸውን ልማር» አለ።

የመጀመሪያው ሙከራ አይወራም። የሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ነው የያዘው። ለሚሞክር ልናገር፤ ለጾም ብዙ ይጠቅማል። አኩሪ አተሩ አንድ ሌሊት ሲዘፈዘፍ ከእጥፍ በላይ ያብጣል። ገለባውን አሽቶ ማንሳፈፍ ነው። ከዚያ ከውኃ ጋር በጁስ መፍጫ እስኪልም ይፈጫል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ወፍጮና ጉልበት ነው። በንጹሕ ሻሽ ይጨመቃል፤ የሚወጣው ልክ ወተት ይመስላል። ይህን ወተት በደንብ፣ ደግሜ እላለሁ በደንብ፣ እያማሰሉ ማፍላት ያስፈልጋል። ጥሬው አኩሪ አተር ሆድ የሚነፋና የሚያውክ ጠባይ አለው፤ እሱን የሚገድለው እሳት ነው። ድሮ የልጆቹን ሆድ የነፋሁት ለካ በቂ ስላላበሰልኩት ነው። እንደፈላ ወርዶ ጥቂት ከበረደ በኋላ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ጠብ ሲደረግበት ልክ እንደ አሬራ ይቋጠራል። ቻይናዎቹ ለዚህ የጄሶ ዓይነት ማዕድን ይጠቀማሉ። የተቋጠረው በሻሽ ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ውኃው ሲወጣ ይጠነክራል። በቢላ ይቆረጣል። የጾም አይብ በሉት።

የሚጠብሰውን ቅመም ግን ራሱ ካልመረጠ አይሆንለትም። መንገዱ ሲከፈትና ሰው መንቀሳቀስ ሲጀምር ቡሬ ገበያ ይዞኝ ሄደ። ማንኩሳ ስንደርስ የሚኒባሱን መስኮት አንኳክቶ «የበዛብህ አገር» አለኝ፤ ፍቅር እስከ መቃብርን በወጣትነቱ ያነበበ የጎጃም ሰው ሁሉ በዚያ ሲያልፍ የሚለው ነገር አያጣም። «እነሱ አልታደሉም። እኛ ታድለን ሠላሳ ስምንት ዓመት አጠፋን» ብሎ ወደ ውጭ ማየቱን ቀጠለ። ቃል አልመለስኩለትም፤ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ይሰማል።

የቡሬን በርበሬ ላልታደላችሁ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ገበያው ጥግ ላይ ሸራ ላይ የተዘረጋው ቀይ ክምር ከሩቅ ያስነጥሳል። ሻጮቹ ዛላውን ጆሮ ላይ አንቀጫቅጨው ነው የሚሸጡት፤ የደረቀው ይዘፍናል፣ እርጥቡ ዝም ይላል። ባለቤቴ እዚያ ቆሞ ማስተማር ጀመረ። በርበሬ የእኛ ነው እንላለን እንጂ ዘሩ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ኮሎምበስ ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት የእኛም የሕንዱም የቻይናውም አያት በርበሬ የሚባል አላየም። ቁንዶ በርበሬው፣ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ እርዱ ደግሞ ከእስያ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። «እኛ ማጀት ውስጥ ያለው ኮረሪማው ግን የአገር ልጅ ነው» ሲል አንዲት ሻጭ «እና አልገዛም ነው የምትለው?» አለችው። ሩዙንም ገዛን፤ የፎገራ ነው። እሱም ታሪክ አለው፤ በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው ፎገራ ሜዳ ላይ ያስለመዱት፤ ዛሬ ከጤፍ ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኖ በየቤታችን ገብቷል። አኩሪ አተሩ ቡሬ ላይ አሁን ፈላጊው በዝቷል፤ የዘይት ፋብሪካ አለ፣ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። «አየሽ፤ የዶሮ ምግብ ብለውኝ ነበር» አለኝ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ።

ቾፕስቲኮቹን ከእንጅባራ በመጣ ቀርከሃ ራሱ ጠረባቸው። ሶይ ሶሱን ልጄ ትልካለች። ሜኑው በአሮጌ ደብተር ገጽ ላይ በእጁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቻይና ቤት ይሁን እንጂ ከሁሉ በላይ ቁጥር 1 ላይ የተጻፈው «ድንች በፍም» ነው። ረዣዥሞቹን ቾፕስቲኮች የሚገለገልባቸውም ለእሱ ነው፤ ከከሰሉ መሐል ድንቹን እየገለበጠ። በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር ይቀመጣል፤ እኔ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ማጀት መግባት አይፈቀድልኝም። የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ቅጣት ነበር የሚሰማኝ። ድስት ሲያር እየሸተተኝ እጄን አጣምሬ መቀመጥ! ሁለት ጊዜ ተነስቼ ገብቼ ሁለት ጊዜ አስወጥቶኛል።

ይህ ሁሉ በራችን ተዘግቶ ነበር። ከተማው ትንሽ ናት፤ ወንድ ማጀት ገባ ከተባለ እድር ላይ መቀለጃ ነው። እሱ ምንም አይለኝም እንጂ በረንዳውን በሸራ የጋረደው ለነፋሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ያለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ አመሻሽ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ ዋርሳዬ። ከገበዝ ማርያም ለሕክምና ወርደው፣ ጉዳያቸውን ሳይጨርሱ መሽቶባቸው ነው። ሰማንያን ተጠግተዋል፤ ባለቤቴን አባቱ ሲሞት ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ዘው ብለው ገቡ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጋቢ ደርቤ ነጭ ሽንኩርቱ ሲጠበስ አሸታለሁ፤ ታናሽ ወንድማቸው ሽርጥ አስሮ፣ ቢላ ይዞ፣ ካሮት ይከትፋል።

ቆመው አዩት። በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «እዚህ ቤት ሴት የለም እንዴ?»

እኔ ከወንበሬ ግማሽ ተነስቻለሁ። ጉልበቴ ራሱ ነው የተነሳው፤ አላዘዝኩትም። ባለቤቴ ቢላውን ያስቀምጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሽርጡን ይፈታል፣ «አሟት ነው» ይላል፣ ብዬ ጠበቅኩ። ፊቱ ቀልቷል።

«አለች ጋሼ» አለ። «ቁጭ ብላለች።»

ወደ እኔ ሳያይ «ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ወንበሩን ለወንድሙ ለቀቀና ለራሱ በርጩማ አመጣ። ዋርሳዬ ብዙ ቆመው ቆዩ። መሽቷል፤ የሚሄዱበት የለም፤ ርቧቸዋልም። ተቀመጡ።

ቶፉው ሲቀርብ «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? አይብ?» አሉ።

«አኩሪ አተር ነው ጋሼ።»

«ያ ለቆለኞቹ ዝሩ ስትል የኖርከው?»

«እሱ ነው።»

በእጃቸው አንስተው ቀመሱ። ሁለተኛ አነሱ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ድንቹ ከፍም ወጥቶ መጀመሪያ ለእኔ ሲሰጥ ግን ዓይናቸው እጁን ተከተለ፤ ከእጁ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እጁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለቤቴም አልተኛም። «ታዘበኝ» አለ በጨለማው። «ታዘቡህ» አልኩት። ውሸት ምን ያደርጋል።

በማግስቱ ሕክምናቸውን ጨርሰው ሲነሱ ከምድጃው አጠገብ ከተቀመጡት ረዣዥም ቾፕስቲኮች ሁለቱን አንስተው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱ። ባለቤቴ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «እሳት መቆስቆሻ ትሆናለች» ብለው ወጡ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ስልክ ተደወለ። ሚስታቸው ናቸው፤ እንደ እናቴ ባላቸውን «እርስዎ» የሚሉት። ከሰላምታው አስቀድመው በሹክሹክታ፣ «አንቺ፣ ምን አብልታችሁ ነው የላካችኋቸው?» አሉኝ። «ሦስት ቀናቸው ነው። ማታ ሁሉም ሲተኛ ምድጃ ሥር ቁጭ ብለው በዚያች እንጨት ድንች ይገለብጣሉ።»